ሻፍቱ ሳይከዳ፦ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ስፕላይን አፈታተሽና አቀባብ

ባለ ካቴና ሞተር ሳይክል ሲጎዳ ይናገራል፤ ካቴናው ይላላል፣ ይንኳኳል፣ የጥርሱ መሾል በዓይን ይታያል። ባለ ሻፍቱ ግን ዝም ይላል። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ብረት በታሸገ ቱቦ ውስጥ ስለሚሽከረከር ካልተከፈተ አይታይም። ሻፍቱ ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚጋባባቸው የስፕላይን ጥርሶች ተበልተው ያለቁ ዕለት ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ ይገባል፣ ጎማው ግን አይዞርም።

በካቴና ሞተር ያደገ ሰው ባለ ሻፍት ሲገዛ «ከጣጣ ተገላገልኩ» ማለቱ አይቀርም። ከካቴና ጣጣ በእርግጥ ተገላግሏል፤ ከግራሶ ግን አልተገላገለም። ለዚህ መመሪያ በምሳሌነት የወሰድነው በርሊን ስፓንዳው የተመረቱትን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን ቢኤምደብሊው ኬ100ን እና በ1985 የተከተለውን ኬ75ን ነው። እነዚህ ሞተሮች በአውሮፓና በአሜሪካ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ዛሬም በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ግን ስፕላይናቸው ለዓመታት ሳይታይ የቆየ ነው። ቅደም ተከተሉ ባለ ነጠላ ክንድ የሆኑትን (ሞኖሌቨር የሚባሉትን) ይመለከታል። ኬ1ና ኬ1100 ፓራሌቨር የሚባል ሌላ ዓይነት ክንድ ስላላቸው አፈታታቸው ይለያል።

ለምን ይበላል?

የሻፍቱ ጫፍ ሴቴ ስፕላይን ነው፤ ከዲፍረንሻሉ የሚወጣው ወንዴ ይገባበታል። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ሁለቱ ጥርሶች በከፍተኛ ጭነት ውስጥ ሆነው በጥቂቱ ይንሸራተታሉ። በመካከላቸው ግራሶ ከሌለ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ የተፋቀው ብናኝ ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ የቀረውን ይልገዋል። ተራ የኩሽኔታ ግራሶ እዚህ ቦታ አይበረክትም፤ በጭነቱ ተጨምቆ፣ በሽክርክሪቱ ተፈናጥሮ ይወጣል። የሚፈለገው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በብዛት ያለበት ወፍራም ቅባት ነው፤ ዘይቱ ቢጨመቅ እንኳ ሞሊብዲነሙ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሆንዳ «ሞሊ 60» ብሎ ይሸጠው የነበረው ቅባት 60 በመቶው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ነው። «ሞሊ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ብዙዎቹ የመኪና ግራሶዎች 3 ወይም 5 በመቶ ብቻ ነው ያላቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

የሶኬትና የብሩጎላ ቁልፎች፣ ቶርክ ቁልፍ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ረጅም የጠርሙስ ብሩሽ፣ ነጭ ጋዝ፣ የማይበጣጠስ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ የእንጨት ድጋፍ፣ ሽቦ፣ ጓንትና ሞሊብዲነም ቅባት። ሞተሩ የቀዘቀዘ፣ ወለሉም የተስተካከለ ይሁን።

1. ሳትፈቱ ለኩ

ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙና አንደኛ ማርሽ አስገቡ። የኋላ ጎማውን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ አወዛውዙ። ከማርሾቹና ከክሮቼራው የሚመጣ ጥቂት ጨዋታ ያለ ነው። ጎማው ላይና ከጎኑ ባለ የማይንቀሳቀስ አካል ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጫወት ጻፉ። የዛሬው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካደገ ግን ይናገራል።

2. ጎማውን አውጡ

አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን ይዞ ሳለ አራቱን የጎማ ቡሎኖች አላሉ፤ ከዚያ ፈታችሁ ጎማውን አውጡ። ዋሸራ ካላቸው ከነቡሎናቸው አስቀምጡ።

3. ዲፍረንሻሉን አላቁ

ዲስክ ፍሬን ካለው ካሊፐሩን ፈታችሁ በሽቦ ስቀሉት፤ በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ኬ75ሲ የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ስለሆነ የፍሬኑን ዘንግ ፍቱ። ዲፍረንሻሉ ላይ ያለውን የፍጥነት መለኪያ ሴንሰር በቀስታ ንቀሉ፤ ከሥሩ ቀጭን ዋሸራ ካለ እንዳይጠፋ።

ቀጥሎ ከዲፍረንሻሉ ሥር እንጨት ደግፉና የሾክ አብዞርበሩን የታች ዳዶ ፍቱ። ሳትደግፉ ከፈታችሁት ክንዱ ከነክብደቱ ይወርዳል። ዲፍረንሻሉን ከክንዱ ጋር የያዙትን አራት ቡሎኖች ፈታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደኋላ ሳቡት። ካስቸገረ በፕላስቲክ መዶሻ ነካ ነካ አድርጉት፤ በካቻቢቴ ግን አትፈልቅቁት፣ አሉሚኒየሙ ይቆስላል። ዘይቱ እንዳይፈስ ሲሠራ በነበረበት አቋም አቁሙት።

4. ሳታጸዱ አንብቡ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ጨርቁን ቀድሞ ያነሳና ማስረጃውን ይጠርገዋል። መጀመሪያ በጣታችሁ ነክታችሁ ተመልከቱ፦

- ጥቁርና ርጥብ ቅባት ከሆነ ደኅና ነው።
- ደረቅ፣ እንደ በርበሬ ድልህ የቀላ ቅሪት ወይም ቀይ አቧራ ከሆነ ቅባቱ አልቋል፤ መበላቱም ተጀምሯል።
- ቀጭንና የሚገማ ዘይት ከሆነ የዲፍረንሻሉ ኦይል ሲል እያፈሰሰ ነው። የማርሽ ዘይት በድኝ ሽታው ይታወቃል። ሲሉ ሳይቀየር ቅባት ብትቀቡ ዘይቱ አጥቦ ይወስደዋል።

5. አጽዱና ጥርሱን መርምሩ

ወንዴውን ነጭ ጋዝ በነካ የጥርስ ብሩሽ፣ ሴቴውን በጠርሙስ ብሩሽ አጽዱ። ጋዙን አታፍስሱት፤ ወደ ኦይል ሲሉ ይገባል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ።

ደኅና ጥርስ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹም እኩል ናቸው። ሞተሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ መበላቱ በአንድ ጎን ይበረታል። የጥፍራችሁን ጫፍ ከጥርሱ ሥር ወደ ጫፉ ጎትቱ፤ ደረጃ ካጋጠመው ሴቴው የሚነካውና የማይነካው ክፍል ተለያይተዋል ማለት ነው። ጥቂት ደረጃ ኖሮ አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ቅባችሁ ንዱ፣ ቀጣዩን ፍተሻ ግን አቅርቡት። አናቱ ከሾለ ወይም ጥርሱ ወደ አንድ ወገን ከተቆለመመ በቅባት አይድንም። ያን ጊዜ ሁለቱንም አብሮ መቀየር ይሻላል፤ አዲስ ወንዴ ከተበላ ሴቴ ጋር ከተጋባ ጭነቱ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ አዲሱም ቶሎ ይበላል።

6. ቅቡ

በሁለቱም ጥርሶች ላይ፣ እስከ ሸለቆዎቹ ድረስ፣ በትንሽ ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቅቡ። የብረቱ ቀለም መሸፈኑ ይበቃል። ብዙ ሲሆን ይሻላል ብላችሁ ሴቴውን አትሙሉት፤ የታመቀው ቅባትና አየር ዲፍረንሻሉ ጠልቆ እንዳይገባ ይገፋዋል፣ ትርፉም በሽክርክሪት ይረጫል።

7. መልሳችሁ ግጠሙ

የሻፍቱ የፊት ጫፍ ከካምቢዮው ጋር በሽቦ ቀለበት ተይዟል፤ ዲፍረንሻሉ ሲሳብ አብሮ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ። ሻፍቱን በቀስታ ወደኋላ ሳብ አድርጉት፤ ከመጣ ተላቋልና ጥርሱን አገናኝታችሁ ቀለበቱ እስኪይዝ ድረስ ወደፊት ግፉት።

ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ እንዳለ ሻፍቱን ወደ መሃል ቀና አድርጋችሁ ዲፍረንሻሉን አስጠጉ። ጎማ የሚታሰርበትን ሳህን በእጅ ጥቂት ጥቂት ስታዞሩት ጥርሶቹ ይገናኛሉ፣ ዲፍረንሻሉም ከክንዱ ጋር ይገጥማል። ክፍተት ከቀረ ጥርስ ከጥርስ አናት ላይ ቆሟል፤ በቡሎን ጎትቼ አስገባዋለሁ አትበሉ፣ ይሰበራል። አራቱን ቡሎኖች በመስቀለኛ ተራ 40 ኒውተን ሜትር፣ የጎማውን ቡሎኖች 105 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ሾክ አብዞርበሩን፣ ሴንሰሩንና ፍሬኑን በነበሩበት መልሱ።

8. ከመንዳት በፊት

የፍሬን ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ጎማውን በእጅ አዙራችሁ የሚፋተግ ነገር እንደሌለ አዳምጡ። የጠመኔውን ልኬት ድገሙና ከቀድሞው ጎን ጻፉት። በአጭር መንገድ ሞክራችሁ ስትመለሱ ቡሎኖቹን እንደገና ፈትሹ።

መቼ ይደገም?

የኋላ ጎማ በተቀየረ ቁጥር አድርጉት፤ ጎማው ለመቀየር ሲወልቅ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ሞተሩን ያገለገለ ገዝታችሁ ታሪኩን ካላወቃችሁ ግን የጎማውን ማለቅ አትጠብቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የፍሪሲዮኑ ስፕላይን ሌላ ነው፤ እሱን ለማየት ካምቢዮው መውረድ አለበት። ፍሪሲዮን ተይዞም ማርሽ እያንገራገረ የሚገባ ከሆነ ግን እሱም ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ካምቢዮ የማውረድ ልምድ ላለው መካኒክ አሳዩት። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የጥርሱን ፎቶግራፍ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መበላቱ መቆሙን ወይም መቀጠሉን የምታውቁት ከዚያ ጋር አስተያይታችሁ ነው።