አምስት ደረጃ፣ ሦስት ሜትር ሲሚንቶ



ባለፈው ክረምት ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ለእረፍት ስንገባ ገንዘብ አዋጥተን፣ በአካባቢያችን ባለ አንድ መስጂድ ደጃፍ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ራምፕ ሠራን። ምክንያታችን አንድ አባታችን ነበሩ። ስኳር በሽታ እግራቸውን ካሳጣቸው ወዲህ የጁምዓን ኹጥባ የሚሰሙት ቤታቸው ሆነው በድምፅ ማጉያ ነበር። ሲሚንቶው እንደደረቀ በመጀመሪያው ጁምዓ ደስ ብሎን ወንበራቸውን እየገፋን አመጣናቸው። ራምፑ ላይ ስንደርስ ወንበሩ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሦስት ሆነን ከኋላ ገፍተን፣ አንዱ ከፊት ጎትቶ አስገባናቸው። "አብሽሩ ልጆቼ፣ ኒያችሁ ይደርሳል" አሉን። በሚቀጥለው ጁምዓ አልመጡም።

ከመካከላችን ምህንድስና የምንማር ስላለን ይህን መጻፍ ያሳፍረናል። ግን ሒሳቡ ይኸው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በጠቅላላው 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ። የተለመደው ልክ 1 ለ 12 ነው፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ስለዚህ 9 ሜትር ያስፈልግ ነበር። እኛ የሠራነው 3 ሜትር ነው፣ 1 ለ 4። ይህ ራምፕ ሳይሆን ዳገት ነው! "ግቢው 9 ሜትር የለውም" ብለን ነበር። ቢሆንም ይታጠፋል፦ 4 ሜትር ተኩል ወጥቶ፣ ወንበር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል ሜዳ ተትቶለት፣ በሌላ 4 ሜትር ተኩል ይመለሳል። ግቢው 7 ሜትር ስላለው ይበቃል።

"ዑዝር አላቸው፣ ቤታቸው ይስገዱ" ያለንም ነበር። እውነት ነው፣ ሱረቱ ኑር 61ኛው አያ ላይ በዐይነ ስውር፣ በአንካሳና በሕመምተኛ ላይ ኃጢአት እንደሌለ ተነግሯል። ግን ዑዝሩ የእሳቸው ነው እንጂ የኛ አይደለም። ዐይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብዱላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) መሪ የለኝም ብለው ቤታቸው ለመስገድ ሲያስፈቅዱ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዛኑን ትሰማለህ ወይ ብለው ጠየቋቸው፤ እሰማለሁ ሲሉ እንዲመጡ ነገሯቸው። ዑለማዎች በሐዲሡ ዝርዝር ላይ ብዙ ተናግረዋል። እኛን ያስገረመን ግን ሌላው ነው፦ እኚህ ሰው ሙአዚን ነበሩ። ጎሕ መቅደዱን ስለማያዩ ሰዎች "ነጋ፣ ነጋ" ሲሏቸው ነበር አዛን የሚሉት። ከሥራው አላገለሏቸውም፤ የጎደለውን አንዲት ነገር ጀመዓው ሞላው።

አንድ ሌላ ሰው እንጨምር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባግዳድ ውስጥ ዘይኑዲን አል አሚዲ የሚባሉ ዐይነ ስውር የሐንበሊ ዓሊም ነበሩ፤ መጻሕፍትም ይነግዱ ነበር። አስ ሰፈዲ ስለ ታዋቂ ዐይነ ስውራን በጻፉት መጽሐፍ እንደሚተርኩት፣ ስስ ወረቀት ጠምዝዘው በፊደል ቅርጽ መጽሐፉ ላይ ይለጥፉና ዋጋውን በጣታቸው ዳሰው ያውቁ ነበር፤ ፊደሉን ቁጥር ያደረጉት ደረሳ ሁሉ በሚያውቀው በአብጀድ ነው። ብሬል ከመፈልሰፉ 500 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። መፍትሔው ከባለጉዳዩ መጣ። እኛስ አባታችንን ምን ጠየቅናቸው? ምንም። ሲሚንቶ ገዝተን ቦካነው።

ዘግይተን ስንጠይቃቸው ያልጠበቅነውን ነገሩን። ከራምፑ ይልቅ የሚከብዳቸው በሩ ላይ የሚከመረው ጫማ ነው። ጎማውም ምንጣፍ ያቆሽሻል ብለው ይሳቀቃሉ (ለዚህስ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል)። የውዱእ ቧንቧውም ለተቀመጠ ሰው ሩቅ ነው። የሴቶቹን በር ለክተን 62 ሴንቲ ሜትር አገኘን፤ ወንበር 80 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በክራንች የምትሄድ እኅታችን "እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለችን። መስማት የተሳናቸው ወንድሞቻችን ኹጥባውን እንዴት እንደሚከታተሉት ደግሞ ገና አልተነጋገርንም።

ሕግም አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዞ ነበር። እዚሁ ግቢያችን ስንት ሕንፃ እንደሚያሟላ ሜትር ይዞ መዞር ነው።

በሚቀጥለው እረፍት ራምፑን እንደገና እንሠራለን፤ ከመሥራታችን በፊት አባታችን በኖራ በተሰመረው ላይ በወንበራቸው ይሞክሩታል። ከሐይቅ፣ ከውጫሌና ከአካባቢው የሆናችሁ ሜትርና ውኃ ልክ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የድሮው ሲሚንቶ ስለሚፈርስ ዶማም ያስፈልጋል።