ከመሃል ጀምሩ

የግንቦት ልደታ ሲቃረብ በሰፈራችን በልደታ ሳጥን ይከፈታል፤ የእናት የሐበሻ ቀሚስ ይወጣል። ሸማው ሳስቷል፣ ብብቱ ተተርትሯል። የአንገቱና የደረቱ ጥልፍ ግን ዛሬም ያምራል። «አረጀ» ብላችሁ አትመልሱት! ጥልፉን ወደ አዲስ ሸማ ማዛወር ይቻላል፤ ያውም በገዛ እጃችሁ።

ሸማውን ከሽሮ ሜዳ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱ በጣም ከሳሳ የጥልፉን ክብደት አይችልም፣ ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ከመስፋታችሁ በፊት እጠቡት፤ አሮጌው ድሮ ተኮማትሮ ጨርሷል፣ አዲሱ ገና ነው። የጥልፉ ቀለም እንዳይለቅም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ፈትኑ።

ፈተናው ክቡ ጠርዝ ነው። ብዙ ሰው ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየጎተተ ይሰፋል፤ መጨረሻው ላይ ጨርቅ ይተርፈውና ይጨማደድበታል። ጥልፉን ስትቆርጡ ዙሪያውን የጣት ስፋት ያህል አስተርፉ። በአዲሱ ሸማ ላይ የምትከፍቱት ቦታም ከጥልፉ ይጥበብ፤ ሁለቱም ጠርዝ ለስፌት ትርፍ ይፈልጋል። ከዚያ ሁለቱን አጥፋችሁ መሃላቸውን በክር ምልክት አድርጉ። መሃልን ከመሃል በስፒል ያዙ፣ ቀጥሎ ጫፎቹን፤ የቀረውን በመካከል አከፋፍሉ። ወደ ውስጥ የጎበጠው ጠርዝ እምቢ ሲላችሁ ትርፉን በመቀስ ጫፍ በጥ በጥ አድርጉት፤ የስፌቱን መስመር ግን አትንኩ። ወዲያው ይላላል፣ ይዞራል።

መጎተት አይረዳም። ሸማ በድሩ ወይም በማጉ በኩል ሲይዙት ይጠነክራል፤ በሰያፍ በኩል ግን በጣት እንኳ ይለጠጣል፣ ክብ ጠርዝ ደግሞ ሰያፍ አያጣም። ስለዚህ በመጀመሪያ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ስፉት፣ ልበሱትና መስታወት ፊት ቁሙ። ወደ ስፌት መኪና የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ትዕግሥት በቃል የመከረኝ ብዙ ነው፤ በእጄ ያስያዘኝ ግን ይህ ሥራ ነው። ያቋረጣችሁት ትምህርት፣ የቆመ ሥራ፣ የራቃችሁት ዘመድ ሲከብዳችሁም ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት የቱ ጋ እንደያዛችሁት ተመልከቱ። የያዛችሁበትን ቦታ መቀየር ብቻ የሚፈታው ችግር ብዙ ነው።

እናታችሁ በሕይወት ካሉ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው፤ ጥልፉን ማን እንደጠለፈላቸው፣ ለየትኛው ቀን እንዳሠሩት ጠይቋቸው። መርፌውን ዛሬ ማታ አንሱ።