የወፍጮ ሞተር ቺንጋ እንዴት ይመረመራል?

በብዙ የገጠር መንደር እህል የሚፈጨው በሞተር ወፍጮ ነው። እናቶች ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩት ያድሩ የነበረውን እህል ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ታዲያ ወፍጮው አንድ ቀን ቢቆምስ? እህሉን በጀርባ ተሸክሞ ሌላ መንደር መሄድ ግድ ይሆናል። ወፍጮን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ የቺንጋ መበጠስ ነው። ቺንጋ ግን ከመበጠሱ በፊት ምልክት ያሳያል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ቺንጋ ምን ይሠራል?

ሞተሩ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ራሱ እህል አይፈጭም። ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው ቺንጋ ነው። ቺንጋ ከጎማና ከጠንካራ ክር የተሠራ ቀበቶ ነው። በሁለት መዘውሮች ላይ ይጠመጠማል። አንዱ መዘውር በሞተሩ ላይ፣ ሌላው በወፍጮው ላይ ይገኛል። የሞተሩ መዘውር ወርድ 20 ሳንቲ ሜትር፣ የወፍጮው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ወፍጮው አንድ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር ወፍጮው 750 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

ቺንጋው ከላላ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ወፍጮው ግን ይደክማል። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ቺንጋው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታው ይግላል፤ ቶሎም ያልቃል።

ምርመራው እንዲህ ነው

1. በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። ናፍጣው ከተዘጋ በኋላም ከባዱ መዘውር ለጥቂት ጊዜ ይዞራል። ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ። በእጅ የሚነሣ ሞተር ከሆነ የማስነሻውን እጀታ አውጥታችሁ ከእናንተ ጋር አኑሩት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ማብሪያውን ከዋናው ላይ አጥፉ። እየዞረ ያለ ቺንጋ በእጅ አይነካም።

2. ቺንጋውን ዙሪያውን እዩት። በውስጥ በኩል ተሰነጣጥቋል? ክሩ በጠርዙ ወጥቷል? ጎኑ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል? የተሰነጠቀና ክሩ የወጣ ቺንጋ መለወጥ አለበት። የሚያብረቀርቅ ቺንጋ ሲንሸራተት የቆየ ነው።

3. ዘይት ወይም ናፍጣ እንዳልነካው ተመልከቱ። ዘይት ጎማን ያበላሻል። ቺንጋው ሲጮህ ግራሶ የሚቀባ ሰው አለ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ብረት ለብረት ሲፋጭ ዘይት ይፈልጋል፤ ቺንጋ ግን የሚሠራው መዘውሩን አጥብቆ በመያዝ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ፈልጋችሁ አሠሩ።

4. ውጥረቱን ፈትኑ። በሁለቱ መዘውሮች መካከል፣ ቺንጋውን መሐል ላይ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። በመዘውሮቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ክንድ ያህል ከሆነ፣ ቺንጋው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ማለት ይገባዋል። ከዚያ ብዙ ከወረደ ላልቷል። ጨርሶ ካልወረደ ከመጠን በላይ ተወጥሯል።

5. መዘውሮቹ መስተካከላቸውን በሲባጎ ለኩ። ሲባጎውን በሁለቱ መዘውሮች ጎን ላይ ወጥራችሁ ያዙ። የሁለቱንም ጠርዝ እኩል ከነካ ቀጥ ብለዋል። ካልነካ ቺንጋው በአንድ ጎኑ ይበላል።

ቺንጋ ሲለወጥ

በብዙ ቺንጋዎች ጀርባ ላይ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ተጽፏል። ፊደሉ የቺንጋውን ስፋት፣ ቁጥሩ ርዝመቱን ይነግራል። «ቢ 75» የተባለው ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ዙሪያው 75 ኢንች ነው። ይህም 190 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ ከተማ ሰው ከመላካችሁ በፊት ይህን በወረቀት ላይ ጻፉ። «ረዘም ያለ ጥቁር ቺንጋ» ብሎ መላክ መንገደኛውን ሁለት ጊዜ ያመላልሰዋል። ማንበብና መጻፍ የሚጠቅመው እንግዲህ ለእንዲህ ያለውም ነገር ነው።

ወፍጮው ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚጠቀም ከሆነ ሁሉም አብረው ይለወጣሉ። አዲስና አሮጌ ቢቀላቀሉ ሸክሙ ሁሉ በአዲሱ ላይ ይወድቃል። አዲሱን በካቻቪቴ እየፈነቀላችሁ አታስገቡ፤ ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል። ብሎኑን አላልታችሁ ሞተሩን ወደ ወፍጮው አስጠጉ፤ ቺንጋው በቀላሉ ይገባል። አዲስ ቺንጋ ሥራ ሲጀምር ስለሚለጠጥ በማግስቱ ውጥረቱን እንደገና እዩ።

በአንዳንድ መኪናና በአንዳንድ ሞተር ብስክሌት ሞተር ውስጥም ጥርስ ያለው ቺንጋ አለ። ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያደርጋል። ያ ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። ስለዚህ እስኪበጠስ አይጠበቅም፤ ፋብሪካው የወሰነው ጊዜ ወይም ኪሎ ሜትር ሲደርስ ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ

ቺንጋ ቢበጠስ ሌላ ይገዛል። እጅ ግን አይገዛም። የሚዞር ቺንጋ የነጠላ ጫፍ ወይም የጋቢ ዘርፍ ከያዘ ሰውዬውን ጎትቶ ይወስደዋል፤ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ቺንጋው በእንጨት ወይም በቆርቆሮ ይከለል። ሕፃናት በዚያ በኩል አይለፉ። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ልብሱ የተሰበሰበ ይሁን። ለአስፈጪዎችም «እማማ፣ ነጠላዎን ጠበቅ ያድርጉ፤ ወዲህ ፈቀቅ ይበሉ» ማለት አይፈር።

ጥያቄዎች

1. ቺንጋው መላላቱን በምን እናውቃለን?
2. ቺንጋ ላይ ግራሶ መቀባት ለምን አይገባም?
3. የሞተሩ መዘውር 20፣ የወፍጮው 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ 1,500 ጊዜ ሲዞር ወፍጮው ስንት ጊዜ ይዞራል?
4. በመንደራችሁ ወፍጮ ቤት ቺንጋው ተከልሏል? ካልተከለለ ማን፣ መቼ እንደሚከልለው ተነጋገሩና ጻፉ።