ምዕራፍ ሰባት፦ የፈጠራ ሰው ከየት ይቅዳ?

ሐሳብ ሲነጥፍ ምን እንደሚመስል ለካሜራ ባለሙያው፣ ለዘፋኙ፣ ለሰዓሊው ወይም ለጽሑፍ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሥራው ቀጠሮ ተይዞለታል፣ ቀብዱም ተበልቷል፤ አእምሮ ግን ባዶ ነው። አብዛኛው ሰው ያን ጊዜ ስልኩን ያወጣና ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ይከፍታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያይ ቆይቶ ሲነሣ ያየው ሁሉ የሌላ ሰው ያለቀ ሥራ ስለሆነ፣ ከእሱ ማውጣት የሚችለው ግልባጭ ብቻ ነው። ስልክ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰፈር፣ ቀጥሎ ስክሪን መሆን ሲገባው ተገልብጧል።

የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ ታሪክ ይህንን ከማንም በተሻለ ያሳያል። ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ተውኔትም ይደርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጁ በዚያች ከተማ ሁለት ዓይነት ትርኢት እያየ አደገ። አንዱ ሲኒማ ቤት የሚታየው የካውቦይና የታርዛን ፊልም ነበር። ልጆቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ያዩትን በጎንደር ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ይጫወቱት ነበር፤ ሁሉም ካውቦይ መሆን ይፈልጋል፣ ቀይ ሕንዱ እንዲያሸንፍ የሚመኝ የለም። አፍሪካውያኑ ታርዛንን ከኋላ ሊይዙት ሲመጡ ለታርዛን ይጮኹለት እንደነበር ኃይሌ አድጎ ፊልም ሠሪ ከሆነ በኋላ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ሌላው ትርኢት ቤት ውስጥ እሳት ተከብቦ የሚሰማው የአዋቂዎች ተረትና የአባቱ ቴአትር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ትወና ለመማር አሜሪካ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሠራቸውን ፊልሞች ያየ ሰው ከሁለቱ ትርኢቶች የትኛው ጎልቶ እንደቀረ አያጣውም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የገበሬ ቤተሰብ ሕይወት ነበር ያቀረበው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው፣ በማግስቱም ዓመት በዋጋዱጉው የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት የወሰደው «ጤዛ» ደግሞ አንበርብር የተባለ ምሁር ከውጭ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ የሚያገኘውን ይተርካል። ኃይሌ የካውቦይ ፊልምን አልረሳውም፤ ምን እንዳደረገው ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ በምዕራብ ጎንደሯ ገንዳ ውሃ አንድ ወጣት በስልኩ ከሚያየው ነገር ውስጥ ምኑ የራሱ፣ ምኑ የታርዛን እንደሆነ ቆም ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ዘመን ያተርፋል።

ምዕራብ ጎንደር ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሰው የተመቸ አገር ነው። «ቆላ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ምን የሚታይ አለው?» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር፣ ከጎጃም፣ ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከወሎ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ መተማን ይሞላዋል። ሁሉም የአገሩን ዜማ ይዞ ይወርዳል። አዝመራው ላይ አንዱ ሲያንጎራጉር ሌላው ይቀበላል፣ ማታ እሳት ዳር ፉከራውና ቀረርቶው ይከተላል። የሙዚቃ ተመራማሪ አራት አካባቢ ዞሮ የሚሰበስበው አንድ ማሳ ላይ ይገኛል ማለት ነው። የጉሙዝ ሕዝብም እዚሁ ጎረቤት ነው፤ ጭፈራውን ሄዶ ያየ የመተማ ዘፋኝ ግን ጥቂት ነው።

ከሱዳን ድንበር ማዶ ያለው ደግሞ ሌላ ሀብት ነው። የኦምዱርማን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ሲያሰራጭ የኖረ ጣቢያ ነው። መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ አረብኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያንጎራጉራቸው ዘፋኞች ናቸው፤ ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት በአልበም ወጥቷል። ዜማው ለጆሯችን የማይከብደው በምክንያት ነው፤ የሱዳን ዘፈን በብዛት እንደ ትዝታና እንደ ባቲ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የገባው ስደተኛ ብዙ ነው፤ የኩመርና የአውላላ መጠለያዎችም በዚያን ጊዜ ተቋቋሙ። ከነዚያ ሰዎች መካከል ዑድ የሚጫወት፣ ግጥም የሚጽፍ፣ ሥዕል የሚሥል መኖሩ አይጠረጠርም። ሻይ አብሮ ጠጥቶ የሚጠይቃቸው ባለሙያ ነው የጠፋው።

እዚህ ላይ አንድ ለማስጠንቀቂያ የሚሆን ታሪክ አለ። የደራሲው ወዳጆች የሚያውቁት አንድ ወጣት ዘፋኝ፣ ድምፁ የተባረከ ልጅ፣ ከዩቲዩብ ያገኘውን የሱዳን ዘፈን ዜማ ከነመግቢያ ሙዚቃው ወስዶ የአማርኛ ግጥም አለበሰውና «አዲስ ነጠላ ዜማዬ» ብሎ አወጣ። ወዳጆቹ ወደዱለት። ከዚያ መተማ ዮሐንስ ለሠርግ ተጠራ። ሙሽራው ነጋዴ ስለነበር ከማዶ የመጡ እንግዶች በብዛት ነበሩ። ልጁ ያንን ዘፈን ሲጀምር እንግዶቹ በደስታ ብድግ ብለው፣ ጣታቸውን ወደ ላይ እያጮሁ፣ ከእሱ ጋር በአረብኛ ይዘፍኑ ጀመር። ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያውቁታል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ዘፈኑ ሲያልቅ ቀርበው ትከሻውን መታ መታ አደረጉና በአማርኛ «ልጄ፣ የወጣትነቴን ዘፈን አስታወስከኝ፤ አንተስ የራስህ የለህም?» አሉት። ሽማግሌው ክፉ ነገር አልተናገሩም። ልጁ ግን እስከ ንጋት የማንንም ዓይን ማየት አልቻለም፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ማይክ አልያዘም።

ለዚህ የመገልበጥ በሽታ የሚታዘዘው መድኃኒት ቀላል ነው፦ የጆሮ ደብተር። ኪስ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ በቂ ነው። ባለሙያው ጠዋት ስልኩን ከመክፈቱ በፊት ትናንት የሰማውንና ያየውን ሦስት ነገር ይጻፍ፤ አንድ ሰው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ቀለም ወይም ቅርጽ። ዓረፍተ ነገሩ እንደተነገረ ይጻፍ፣ «አይ፣ ይህማ የገጠር አማርኛ ነው» ተብሎ አይስተካከል። ማን እንደተናገረው በስም ሳይሆን በሁኔታ ይገለጽ፤ የባጃጅ ሾፌር፣ ሰሊጥ የሚመዝን፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘች። ቀንና ቦታ ይጨመር።

ይህ የሚሠራበት ምክንያት የታወቀ ነው። የሰው ትውስታ የንግግርን ፍሬ ሐሳብ ይይዛል፣ ቃሉን ግን ቶሎ ይጥላል። ለደራሲና ለዘፋኝ ደግሞ ገንዘቡ ቃሉ ነው። አንዲት እናት ልጇ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ መቅረቱን ስትናገር የመረጠችው ቃል ከሦስት ቀን በኋላ «ልጇ ጠፋባት» ወደሚል ደረቅ ወሬ ይለወጣል። የግጥሙ መነሻ በዚያው ጠፋ ማለት ነው።

በስልክ መቅዳት አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። አይሻልም። ሰው ስልክ ሲደቀንበት ቃሉን ይለውጣል፣ በተለይ በድንበር ከተማና በዚህ ዘመን ደግሞ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ጥርጣሬ ያስነሣል፣ ሰውንም ያስፈራል። ዜማ ሲሆን ብቻ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ይቅረጽ።

የጆሮ ደብተር አዲስ ፈጠራ አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና የተክሌን አቋቋም የጣና ማዕበል ወደ ዳር ሲመጣና ሲመለስ፣ ቄጠማውም በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው እንደፈጠሩት በአባቶች ዘንድ ይተረካል። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ከመጣ በኋላ ስለ ደራሼ ሰዎች የቀርከሃ ሙዚቃ መናገር አላቆመም፤ በጃዝ ውስጥ የረቀቀ ተብሎ የሚጠናው ስልት እነሱ ዘንድ ከጥንት እንዳለ ይመሰክራል። ኤልያስ ስሜ መርካቶ ውስጥ የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳና ሽቦ ሰብስቦ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የተሰቀለ ሥራ ሠርቷል። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎስያን ፓሪስ ተቀምጦ የአገሩን ክታብና ጥልሰም አልተወም።

ቋራም ቢሆን እዚሁ ጎረቤት ነው። ከዚያ የወጣውን አንድ ልጅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው «ኢትዮጵያ» አልበም አነሡት። ሁሉም ሌላ ቦታ ሆነው ነው የሠሩት። ቋራ ተቀምጦ ስለ ቋራ የሚጽፍ ወጣት ምን እንደሚጨምር ማየት ያስመኛል።

አሁን ስለ ሠርግ ቪዲዮ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይቻልም። ከጎንደር እስከ መተማ ያለው የሠርግ ፊልም አንድ ሆኗል። ሙሽሮቹ መኪና ላይ ተደግፈው ወደ ሩቅ ያያሉ፣ ቬሎው በዝግታ ይበራል፣ ከበስተጀርባ የቱርክ ድራማ ሙዚቃ ይገባል። የሙሽራዋ አያት ያወጣችው የሠርግ ዘፈን ግን ድምፁ ተቆርጧል። ከሃያ ዓመት በኋላ ያቺ ልጅ የአያቷን ድምፅ ብትፈልግ ከየት ታገኛለች? ይህ የባለሙያ ኃላፊነት ነው፤ ደንበኛው አልጠየቀኝም ማለት አያድንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የቪዲዮ ሰዎች አዲስ ናሙና ከየት እንደሚያወርዱ ጨንቋቸው ነበር። በዚያ ጊዜ የአሮጊቶቹን ዘፈን በሙሉ መቅረጽ የጀመረ አንድ የገንዳ ውሃ ልጅ ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም አሠራሩን አልለወጠም፤ ቤተሰቦች በስም ፈልገው ይጠሩታል።

አዝማሪን የሚንቅ ቤተሰብም ጥፋት አለበት። ማሲንቆ የያዘ ልጅ «ሥራ ፈት» እየተባለ፣ በላይቭ ገብቶ ስጦታ የሚለምን ደግሞ «አወቀበት» ይባላል። ጎንደር አጠገብ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር ናት፤ ልጆቿ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በደጁ እያለ አናንቆ ያለፈ ኅብረተሰብ ልጆቹ የሰው ዘፈን ቢገለብጡ ሊገርመው አይገባም።

ከደብተሩ በኋላ ስልኩ ይከፈት። ያን ጊዜ የሚፈለገው ያለቀው ሥራ ሳይሆን አሠራሩ ይሁን፤ መብራት እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ታሪክ እንዴት እንደሚከፈል።

የሌላውን ሥራ መውሰድ ግድ ሲሆን ባለቤቱ ተፈልጎ ይጠየቅ፣ ስሙም ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ዜማው የሕዝብ ከሆነና ባለቤቱ ካልታወቀ ደግሞ የተሰማበት ቦታና ያዜመው ሰው ይጠቀሱ፤ ሰውየው ስሙ እንዲነሣ ካልፈለገ «መተማ፣ የሰሊጥ አጨዳ ላይ የተሰማ» ይበቃል። ይህ እንዲሆን ግን ቀኑና ቦታው ቀድሞ ደብተር ላይ መስፈር አለበት።