ስለ ተከራይና ስለ ደባል

በከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የራሱ ቤት የለውም። አንዱ ከባለቤቱ ወይም ከቀበሌ ይከራያል፤ ሌላውም ቤት ባጣ ጊዜ ከዚህ ተከራይ አንዲት ክፍል ለምኖ፥ ድርሻውን እየከፈለ ይቀመጣል። ይህንንም ሰው ደባል ይሉታል። ተከራዩ እንግዲህ በሁለት ስም ይጠራል፤ ከበላዩ ላለው ተከራይ ነው፥ ከበታቹ ላለው ግን አከራይ ነው።

ሕግ የተሠራው ደካማው እንዳይገፋ ነው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነውም በቀበሌ እጅ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ በጥቂት ብር ኪራይ ለብዙ ዘመን ተቀመጠ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሕፈት እንዲሆን፥ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ አከራይም ከ2 ወር ኪራይ በላይ አስቀድሞ እንዳይቀበል፥ እንደ ፈቃዱም ኪራይ እንዳይጨምር አዘዘ።

ነገር ግን በዚህ ሕግ ጥላ የተጠለለው ተከራይ ደባሉን በፀሐይ ሲያቆመው ይታያል። እርሱ በትንሽ ብር የያዘውን ቤት ለደባሉ በብዙ ብር ያካፍላል፤ ጥል በተነሣም ጊዜ ማታ ምንጣፉንና ድስቱን ወደ ደጅ ያወጣበታል። ደባሉም በበኩሉ የወሩን ሂሳብ ይከለክላል፤ ቤቱን ለራሱ ሊወስድ ሽቶም፥ «ያለ ፈቃድ አከራይቷል» ብሎ ያስገባውን ሰው ይከስሳል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ስለ አንድ ባሪያ ነገረን። ይህ ባሪያ የ10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ ንጉሡም ራርቶ ተወለት። ወዲያው ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው፥ አሳሰረውም። ንጉሡ የተቈጣው ስለ ዕዳው አይደለም፤ የተቀበለውን ምሕረት ለባልንጀራው ስለ ነሣው ነው እንጂ። ከባለቤቱ ቍጣ በሕግ የዳነ፥ ደባሉንም በቍጣ የሚያባርር ሰው ይህን ባሪያ ይመስላል።

እንግዲህ ክርስቲያን እንዲህ ያድርግ፤

1ኛ፤ ተከራይ ሆይ፥ ደባል ከማስገባትህ በፊት ውልህን መርምር፤ ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደ ሆነም ጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ ለሌላ ቢያከራይም ለባለቤቱ ተጠያቂ መሆኑ እንደማይቀር ያስተምራል። በስውር የተደረገ ውል አንተን ሐሰተኛ ያደርግሃል፥ ደባልህንም ያለ መጠጊያ ያስቀረዋል። ኪራዩንም እንደ ክፍሉ መጠን ተካፈል እንጂ በወንድምህ ችግር አትነግድ።

2ኛ፤ ልጅህ ሲያገባ ወይም ዘመድህ ሲታመም ክፍሉን መፈለግህ ኃጢአት አይደለም። አስቀድመህ ግን ንገረው፤ ሌላ ቤት እስኪያገኝም ወራትን ስጠው። ባለቤቱ ለአንተ ሊሰጥህ የምትወደውን ያህል ጊዜ ስጠው። ዕቃውን በእጅህ አታውጣ። በዘዳግም 24፥10-11 አበዳሪ እንኳ መያዣ ሊወስድ ወደ ባለዕዳው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ እንዲቆም ታዝዟል። የድኻ ደጅ በእግዚአብሔር ፊት የተከበረ ነውና።

3ኛ፤ ደባል ሆይ፥ የተስማማህበትን በቀኑ ክፈል፤ ደረሰኝም ለምን። የልቀቅ ዘመንህ በደረሰ ጊዜ በተንኮል አትቈይ። በተገፋህ ጊዜ እውነትን መናገር ይገባሃል፤ ያስጠጋህን ሰው ቤት ልትወርስ ብለህ መክሰስ ግን ክህደት ነው።

4ኛ፤ መስማማት ባቃታችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ በሽማግሌ ፊት ተቀመጡ። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ወንድማማች በዳኛ ፊት መካሰሳቸውን ነቅፏል። ዕርቅን እንቢ ያለ ሰው ቢገፋህ ግን ዳኛን መጠየቅ በደል አይደለም፤ ፍርድ ሳይሰጥ በጉልበት ማስወጣት ግን በደል ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በዘሌዋውያን 25፥23 እግዚአብሔር ምድር የእርሱ እንደ ሆነች፥ እኛም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደ ሆንን ነግሮናል። በዚህ ዓለም ሁላችን ደባሎች ነን፤ ጌታው ግን ዕቃችንን በሌሊት አላወጣብንም። ስለዚህ ዛሬ በቤትህ ያለውን ሰው ጥራው፥ በሰላምም ተነጋገረው።