ውሻዬን ይዤ ባሌ ልውጣ?

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ውሻ አለኝ። ለእረፍት ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው። የሰነቴን አምባ በእግር ስንዞር አብሮን ቢሄድ ችግር አለው? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል።

መልስ፦ አለው፤ እቤት ይተዉት። መከተቡ ደግ ነው፤ ግን ያ ክትባት ዲስቴምፐር የተባለውን የውሻ በሽታ አይከላከልም፤ እሱም ቀይ ቀበሮን ይፈጃል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ከባሌው የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ከበሽታው ሌላም ነገር አለ። ቀበሮው ፍልፈል ሲያድን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የእርስዎ ውሻ እየጮኸ ሲደርስ ፍልፈሉም የለም፣ ምሳውም የለም። (ውሻዎ ጨዋ መሆኑን አልጠራጠርም፤ የሁሉም ባለቤት እንዲያ ይላል።)

ውሻዎን ማንሸራሸር ካማረዎት እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ ይሻላል፤ ግን ውሻ ይገባ እንደሆነ አስቀድመው በሩ ላይ ይጠይቁ። ከተፈቀደ ገመዱን ያሳጥሩ፤ ጉሬዛ ያየ ውሻ ጠርተውት አይመለስም። ማታ ከጆሮው ኋላና ከጣቶቹ መሃል መዥገር ይፈልጉለት።