ልኬት በፍርድ አደባባይ፦ የአካባቢ ሕግ ጠበቃ ደንበኛውን የሚረዳው እንዴት ነው?

ፊዚክስ ስናስተምር ተማሪው ቁጥሩን ጽፎ አሃዱን ከተወ ነጥብ እንቀንሳለን። ፍርድ ቤትም በዚህ ረገድ ከእኛ ብዙ አይለይም። «ውሃችን ተበክሏል» የሚል አቤቱታ በምን፣ ምን ያህልና ከየትኛው ወሰን በላይ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ከሌለው ዳኛን አያሳምንም። የአካባቢና የቁጥጥር ሕግ ጠበቆች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት እርዳታ ዋና ፍሬም ልኬትን ወደ ሕጋዊ ግዴታ መለወጥ ነው። ይህንንም በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በፓርከርስበርግ አካባቢ በደረሰ ጉዳይ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የአካባቢው ከብት አርቢ ከብቶቹ እያለቁበት መሆኑን ለጠበቃ ሮበርት ቢሎት አስረዳ። ከብቶቹ የሚጠጡት ጅረት የሚመጣው ከዱፖንት ኩባንያ የቆሻሻ መቅበሪያ በኩል ነበር። ቢሎት እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚሠራው ለኬሚካል ኩባንያዎች ነበር። የቁጥጥር ሕግ ጠበቃ ለኩባንያ ደንበኛው ፈቃዱ ምን እንደሚያስገድደው፣ ለመንግሥት ምን ማሳወቅ እንዳለበትና የትኛውን ወሰን ማለፍ እንደሌለበት አስቀድሞ ይነግረዋል። ይኸው እውቀት አሁን ለአርቢው ጠቀመ፤ ጠበቃው ምን ዓይነት ሰነድ መኖር እንዳለበት ያውቅ ነበርና።

ክሱ በ1999 ተመሠረተ። ቢሎት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያገኛቸው ሰነዶች ከ110,000 ገጽ በላይ ነበሩ። በእነርሱም ውስጥ ሕግ ወሰን ያላበጀለት፣ ለቴፍሎን ምርት የሚያገለግል ፒኤፍኦኤ የተባለ ንጥረ ነገር ታሪክ ተገኘ። ካርቦንና ፍሎሪን የሚፈጥሩት ትስስር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት ነጠላ ትስስሮች ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ፣ ይህ ንጥረ ነገር በተፈጥሮ በቀላሉ አይፈራርስም።

ወሰኑስ ምን ያህል ይሁን? ኩባንያው በ1991 ለመጠጥ ውሃ ያወጣው የውስጥ መመሪያ በቢሊዮን 1 እጅ ነበር። ይህን መጠን በጊዜ ብንመስለው፣ በ32 ዓመት ውስጥ እንዳለች አንዲት ሴኮንድ ያህል ነው። በ2002 ግን የግዛቱ ቡድን በቢሊዮን 150 እጅ የሚል ወሰን አወጣ። አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንዱ መለኪያ የተበከለ፣ በሌላው ንጹሕ ሊባል ነው።

ቢሎት በ2001 በነዋሪዎቹ ስም የጋራ ክስ አቅርቦ ነበር። በ2004 በተደረሰው ስምምነት መሠረት፣ በቢሊዮን 0.05 እጅና ከዚያ በላይ ፒኤፍኦኤ ያለበትን ውሃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የጠጣ ሁሉ ባለመብት ሆነ። ንጥረ ነገሩ ከበሽታ ጋር ግንኙነት ያለው መሆኑን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙባቸው ሦስት ኤፒዴሚዮሎጂስቶች እንዲመረምሩ ተወሰነ። ጥያቄውም ሊመለስ በሚችል መልክ ተቀረጸ፦ ግንኙነት ከመኖሩና ካለመኖሩ የትኛው ያመዝናል? «አለ» ከተባለ ታማሚው መክሰስ ይችላል፤ ካልተባለ ግን ለዚያ በሽታ የመክሰስ መብቱን ያጣል።

69,000 ያህል ሰዎች ደማቸውን ሰጡ። ደም ለምን? የፒኤፍኦኤ ግማሽ ዕድሜ በሰው ደም ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ገደማ ነው። 3 ዓመት ብለን ብንወስድ፣ ብክለቱ ከቆመ ከ9 ዓመት በኋላ እንኳ ከመጀመሪያው መጠን አንድ ስምንተኛው ይቀራል። የወንዝ ውሃ አልፎ ይሄዳል፤ ደም ግን የኋላውን ዘመን ይመሰክራል።

ነዋሪዎቹ ለዓመታት ጠበቁ። ጥናቱ በ2012 ሲጠናቀቅ የኩላሊትና የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርን ጨምሮ ከስድስት በሽታዎች ጋር ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል ተረጋገጠ። በ2017 ዱፖንትና ከእርሱ የተገነጠለው ኬሞርስ ወደ 3,550 የሚጠጉ ክሶችን በ671 ሚሊዮን ዶላር ዘጉ። ቀደም ብሎም በ2005 ዱፖንት ያወቀውን ለመንግሥት አላሳወቀም በሚል ለቀረበበት ክስ 16.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ለኩባንያውም ቢሆን አስቀድሞ «አሳውቅ» የሚለው የጠበቃ ምክር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

በ2024 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የፒኤፍኦኤ ወሰን በትሪሊዮን 4 እጅ እንዲሆን ደነገገ። ይህ በ2002 ከወጣው ወሰን ስንት ጊዜ ያንሳል? አንባቢ አሃዶቹን አስተካክሎ ያስላ። መልሱ 37,500 ነው።